የመጋረጃ ቤቱ አረንጓዴ ቁልፍ

ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ባሌም ያውቃል፣ የስፌት መኪናዬም ታውቃለች። ባሌ የመጋረጃ ቤታችን ዌብሳይት ላይ አረንጓዴዋን የዋትሳፕ ቁልፍ ሲያስገባ፣ ከኋላው ቆሜ «ቶሎ በል እንጂ!» እያልኩ ናላውን አዞርኩት።

«እሺ፣ የሱቁን ቁጥር ንገሪኝ» አለ።

በቃሌ ዘረገፍኩለት።

«እንሞክራት?»

«ሰው ይጫናታል፣ መልእክት ይመጣል። ምኑ ነው የሚሞከረው!»

ቁልፏ የመጨረሻ ተስፋችን ነበረች። ደንበኛ ከጠፋ ከረመ፤ በእሷም ካልመጣ በወሩ መጨረሻ ሱቁን ልንለቅ ተስማምተናል።

አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፣ ሳምንት ሊሞላ ሆነ። የሱቁ ስልክ ጭጭ። ባሌ የናሙና ጨርቆቹን ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህበት ነበር፤ ያን ቀን ግን ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ እንደወትሮው እናቴ ጋ ሄድን፤ መርዶውን ልንነግራት። ሱቁን የከፈተችው እሷ ናት። ወገቧን ሲያማት ለእኔ ለቃ ቤት ከዋለች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሄድን ቁጥር የምናገኛት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ነው።

ያን ቀን ግን መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ፣ ደብተር ዘርግታ፣ ስልኳ ላይ ድምፅ ትቀዳለች። «የኔ ልጅ፣ ትልቅ መስኮት ብሎ ነገር የለም! በሜትር ለኪና ላኪልኝ።»

«እማዬ፣ ከማን ጋር ነው?»

«ከደንበኛ ጋር ነዋ! አስራ አራት ሰው መዝግቤ ቅዳሜ እስኪደርስ እየጠበቅኳችሁ ነበር።»

ደብተሩን ነጠቅኳት። ስፋት፣ ቁመት፣ የጨርቅ ቀለም፤ እውነትም አስራ አራት! አልጋው ላይ ዘፍ አልኩ። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የዘረገፍኩት ከልጅነቴ ጀምሮ የሱቅ ቁጥር ብዬ የሸመደድኩትን ነው። ያንን ቁጥር ደግሞ እናቴ ሱቁን ስትለቅ ይዛው ሄዳለች፤ ለሱቁም ሌላ አውጥተናል።

«የቸኮለች...» ብሎ ጀመረ ባሌ።

«አፍሳ ለቀመች፤ አውቃለሁ!» አልኩት። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ተመስገን፣ ሱቃችን ተረፈ።

«በሉ ቁጥሩን አሁኑኑ ላስተካክለው» ብሎ ባሌ ስልኩን አወጣ።

እናቴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ተሳስታችሁ ነው እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ደግሞ ስራዬን የመለሳችሁልኝ መስሎኝ።»

አንጀቴን በላችው። የባሌን እጅ ያዝኩ። «ቁልፏን ብትነካት ውርድ ከራሴ!» አልኩትና ደብተሩን ለእናቴ መለስኩላት። «እማዬ፣ የማን ነው የሚቀድመው?»

«የዚያች ‹ትልቅ መስኮት› ያለችኝ አስተማሪ» አለች፣ እስክሪብቶዋን እያነሳች። «ቁመቱን ግን እንደገና ለኪ ብያታለሁ። እንዳንቺው ችኩል ናት።»