ጋሽ ሽፈራው የገዙት ኮምፒውተር

የእድራችን ኮምፒውተር ሲሞት ያለቀሰለት ሰው የለም። ጸሐፊዋ እኔ እንቁ ነኝ፤ ከሁሉ በላይ ከእሱ ጋር የኖርኩትም እኔ ነኝ፤ እንዲያውም እፎይ ብያለሁ። ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራ ነበር። አብርቼው ሱቅ ደርሼ ስመለስ ገና ለመነሳት እያሰበ ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ እሱ ሳይመጣ ቀረ፤ በቃ።

ቢሯችን ገርጂ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው የእድሩ መጋዘን ነው። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም እዚያው ነው። የእኔ ጠረጴዛ በድስትና በድንኳን መሐል ተሰንቅራለች። ከሥሯ ያ ግንድ የሚያህል ሲፒዩ ስለተጋደመ ዓመታት ሙሉ እግሬን ዘርግቼ አልተቀመጥኩም።

በእድራችን ደንብ አንድ ሰው ብቻውን መርፌ አይገዛም። ስለዚህ ሦስት ሆነን ተመረጥን፤ እኔ፣ ኦቦ በዳሳ እና ሰብሳቢያችን ጋሽ ሽፈራው። ኦቦ በዳሳ አሁን ፎቅ የበቀለበትን መሬት ጤፍ ሲዘሩበት የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሽ ሽፈራው ደግሞ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል ዕድሜያቸውን ጨርሰው በጡረታ ወጡ። ግዢ ክፍል ሠርቶ የራሱን ቤት ያልሠራ ሰው በእኛ አገር ሁለት ስም አለው፤ ሐቀኛ ወይም ሞኝ። ሰፈሩ እንደ ቀኑ ሁኔታ ሁለቱንም ይላቸዋል። ሰው ‹‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል›› ብሎ ሲተርት ከሰሙ ተነስተው ይወጣሉ።

በመስከረሙ ጠቅላላ ጉባኤ ሰብሳቢነቱን ያስረክባሉ። ጫማ ሸልሙኝ፣ ጋቢ አልብሱኝ አላሉም። የሚፈልጉት ስማቸውን እንደያዙ መውጣት ብቻ ነበር፤ ይህንንም ደጋግመው ነግረውኛል።

እንዲህ የሚሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ካቻምና ትልቁን ድንኳን ገዝተው ለመጀመሪያ ጊዜ ስንተክለው፣ ተስፋልደት የሚባለው የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠራው አባላችን፣ ለቀስተኛው ንፍሮ እየበላ ሳለ ተነስቶ ከኪሱ ሜትር አወጣና ለካው። ጥግ ጥጉን እየሄደ፣ ‹‹ይቅርታ፣ እግርዎን›› እያለ ለካው። ድንኳኑ ደረሰኙ ላይ ከተጻፈው በግማሽ ሜትር በልጦ ተገኘ። ተስፋልደት ሜትሩን ጠቅልሎ ወደ ንፍሮው ተመለሰ። ስለ ጉዳዩ ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም፤ ጋሽ ሽፈራውም አልተናገሩም።

ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር መሸጫ ገባን። ራሕማ የምትባል ልጅ ተቀበለችን።

‹‹ለምን ሥራ ነው የምትፈልጉት?››

‹‹ለመቅበር›› አሉ ኦቦ በዳሳ።

ልጅቷ ሦስታችንንም አየችን። እድር መሆናችንን ነገርኳት፤ የአባላት ስም እንደምጽፍ፣ ማስታወቂያ እንደማትም፣ ሌላ ጣጣ እንደሌለብን። ገባትና ሁለት ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አንደኛው ያገለገለ ትልቅ ሲፒዩ ነው፤ የእኛን ሟች ወንድም ይመስላል። ሁለተኛው አንድ ሙልሙል ዳቦ አያህልም።

‹‹ይቺ የምን ማከፋፈያ ናት?›› አሉ ጋሽ ሽፈራው።

‹‹ኮምፒውተሯ እሷ ናት፣ አባቴ።››

አንስተው በእጃቸው መዘኗት። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቋት። ራሕማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የትልቁን ሲፒዩ ጎን ከፈተችላቸው። ‹‹ይዩት፣ አብዛኛው ባዶ ነው። አቧራ ነው የሚያከማቸው። ትንሿ አዲስ ናት፣ ትፈጥናለች፣ መብራትም አትበላም፣ ዋስትና አላት። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም፤ እኔ ግን ለአባቴ ብገዛ ትንሿን ነው።››

ሞኒተሩ ላይ አልተጨቃጨቅንም። አንድ ግድግዳ የሚሞላ አሳየችን፤ በድስቶቹ መሐል እንደማይገባ በክንዴ ለክቼ ተውኩት። መካከለኛውን ከትንሿ ጋር አገናኝታ የእኔን ፍላሽ ሰካችበት። የአባላቱን ስም ሳላጎነብስ አነበብኩ። ወገቤም እድር ያለው መሰለኝ።

ጋሽ ሽፈራው ግን ወጥተው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ተከትለናቸው ወጣን።

‹‹ይህን የሳሙና ቁራጭ ይዤ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ልቁም?›› አሉ። ‹‹ኮምፒውተር ገዛሁ ብዬ?››

‹‹በሬ የሚገዛው በቀንዱ አይደለም፣ ሽፈራው›› አሉ ኦቦ በዳሳ።

‹‹አንተ በሬህን ለጉባኤ አታቀርብም።››

‹‹እንግዲያው ትልቁን ውሰድና እንሂድ፤ እግሬን አመመኝ።››

ጋሽ ሽፈራው በመስታወቱ ወደ ውስጥ አዩ። የሚሻለው የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ። እያወቁ የባሰውን መግዛት ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ያልሠሩት ሥራ ነው። ተመልሰው ገቡና ትንሿን ገዙ። ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

የሞኒተሩ ካርቶን ታክሲ ውስጥ ኦቦ በዳሳ ጉልበት ላይ ተቀመጠ፤ ረዳቱም እንደ አንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለበት። ኮምፒውተሯ በእጅ ቦርሳዬ ገባች። ጋሽ ሽፈራው ከመገናኛ እስከ ገርጂ ቦርሳዬን እያዩ ሄዱ።

ሥራው ቀለለኝ፤ እውነቱን መናገር ነው። ድምፅ የላትም፣ ስነካት ትነሳለች፤ የድሮው ሲፒዩ ወደ ድስቶቹ ጥግ ስለተገፋ እግሬን ዘረጋሁ። ጉባኤው ሲደርስ ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ሽፈራው ቁልፉን ተቀበሉኝ። ዕቃ ሲገዛ ለአባላት ማሳየት ልማዳችን ነው፤ ‹‹እኔ አዘጋጀዋለሁ፣ አንቺ ዕረፊ›› አሉኝ። ዐረፍኩ።

እሑድ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀምጧል። አዲሱ ሞኒተር በርቷል። ከጎኑ አቧራው ተጠርጎ፣ በዘይት ይሁን በምን ተወልውሎ፣ የድሮው ሲፒዩ ቆሟል። ትንሿ የለችም። ወደ ጋሽ ሽፈራው ሄጄ ልጠይቅ ስል ጸሎት ተጀመረ።

ሪፖርቱ ተነበበ። ‹‹አንድ አዲስ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ›› ሲባል ተስፋልደት እጁን አወጣ።

‹‹ጭንቅላቱ አዲስ ነው፤ አካሉን ግን አውቀዋለሁ›› አለ። ‹‹ያ ጎኑ የተጫጫረው የራሳችን ነው። ደረሰኙ ሁለቱም ተገዙ ይላል። ሁለተኛው የት ነው?››

ጉርምርምታ ተነሳ። ጋሽ ሽፈራው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እኔ መቻል አቃተኝና ተነሳሁ።

‹‹አብሬ ነበርኩ። ተገዝቷል። ከኦሎምፒያ ድረስ በዚች ቦርሳዬ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ›› አልኩና ቦርሳዬን ከፍ አደረግኩ።

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዷ ‹‹ኮምፒውተር በቦርሳ›› ስትል ሰማኋት። ምስክርነቴ ከክሱ የባሰ ሆነ። ‹‹እሺ፣ አሁን የት ነው?›› አለ ተስፋልደት፣ ረጋ ብሎ። ኦቦ በዳሳን አየሁ፤ እሳቸውም እኔን አዩኝ።

ጋሽ ሽፈራው ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ከኮታቸው ኪስ ብሎን መፍቻ አወጡ። በኪሳቸው ይዘውት መምጣታቸው ጥያቄው እንደማይቀር ማወቃቸውን ያሳያል። የድሮውን ሲፒዩ ብሎኖች አንድ በአንድ ፈቱ። ክዳኑን አነሱት።

የድሮው ሆድ ዕቃ የለም። በባዶው መሐል ትንሿ ኮምፒውተር እንዳትንቀጠቀጥ በቡናማ ከረባት ታስራ ተቀምጣለች፤ አረንጓዴ መብራቷ በርቷል። ከረባቱን ዐወቅሁት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቢሮ የሚሄዱበት ነው።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። አዘንኩላቸው፤ ተናደድኩባቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያስቡ አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

‹‹ለምን ደበቋት ታዲያ?›› አለ ተስፋልደት። እሱም አልሳቀም።

‹‹ትንሽ ናት›› አሉ ጋሽ ሽፈራው። ‹‹ይቺን አሳይቼ የቀረውን በላ እንዳልባል ነው።››

ከፊት ወንበር አዴ ጋዲሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ከእድሩ መሥራቾች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ‹‹ሽፈራው፣ ልጄ›› አሉ፤ ‹‹ሬሳችንን ሁሉ አንተ አይደለህ የሸኘኸው? እኛ መቼ ጠርጥረንህ እናውቃለን?››

ጋሽ ሽፈራው ድምፃቸውን ሳያነሱ መለሱ። ‹‹ድንኳኑን ለክታችኋል፣ እናቴ።››

ሳቁ ቆመ። ያ ሁሉ ሰው ቀና ብሎ የተቀመጠበትን ድንኳን አየ። ተስፋልደት እጁን ኪሱ ከተተና መልሶ አወጣው። አዴ ጋዲሴ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ምርጫ ሆነ። ይቆዩልን ያሉ ነበሩ፣ ብዙ ናቸው፤ እሳቸው ግን እንቢ አሉ። እንዲያውም ጥቆማ ሲጠየቅ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ‹‹ተስፋልደትን እጠቁማለሁ›› አሉ። ‹‹ፊት ለፊት የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ሌላው ቤቱ ሄዶ ነው የሚያወራው።››

ተስፋልደት ሥራ ይበዛብኛል አለ፣ ወገቤን ያመኛል አለ፣ የሰማው የለም። ስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው መመረጡ የታወቀ ነው፤ እጅ ወጣ፣ አለቀ። ጋሽ ሽፈራው ቁልፉንና ማኅተሙን አስረከቡት። ትንሿን ፈትተው ለእኔ ሰጡኝ። ከረባቱን አራገፉና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ተስፋልደት ባዶውን የሲፒዩ ሳጥን በእግሩ ነካ አደረገው። ‹‹ይህንንስ ለቆራሌው ልስጠው?››

‹‹ተወው›› አሉት ጋሽ ሽፈራው። ‹‹ያስፈልግሃል።››

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እኔም እግሬ ዳግመኛ ሊታጠፍ ነው ብዬ ተነጫነጭኩ፤ ሳጥኑ ግን ጠረጴዛዬ ሥር ተመልሶ ገባ።

ባለፈው ሳምንት ተስፋልደት ለእድሩ አዲስ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ መጣ። ያንን ሁለት ሰው የሚሸከመውን ሞንታርቦ የምትተካ ናት፤ በአንድ እጁ አንጠልጥሏት ገባ። ድምፅዋን ሞከርናት፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኸች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣትና ሸሸት ብሎ አያት። ቀረብ ብሎም አያት።

‹‹ጉባኤው መቼ ነው ያልሽኝ?›› አለኝ።

ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛዬ ሥር ተመለከተ።