ግራኙን የምትናፍቅ ሽጉጥ

«የዚያች ሽጉጥ የቀድሞ ባለቤት ግራኝ ነበር። እሱን ስለምትናፍቅ ነው ወደ ግራ የምትመታው።»

እትዬ ከበደች ይህን ያልነገሩት ሰው ኮልፌ ውስጥ ካለ ገና አልተወለደም። እድር ላይ ያወሩታል፤ የቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፈው ያወሩታል፤ ቆርበው በተመለሱበት አፍ እንኳ ያወሩታል። አጥራችን አንድ ስለሆነ እኔ ደግሞ በየቀኑ ይደርሰኛል።

ሽጉጧ የአባቴ ናት። አባባ፣ ማለትም ሃምሳ አለቃ ገብረወልድ፣ ከሰፈራችን በላይ ባለው የፖሊስ ካምፕ ሲያገለግሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ማካሮቭ ሽጉጧን ሌሊት ትራሳቸው ሥር፣ ቀን ወገባቸው ላይ ያኖሯታል፤ በጨርቅ ሲወለውሏት ላየ ሰው ልጃቸው እሷ ናት፣ እኔ ጎረቤት ነኝ። ተኩስ ሜዳ ላይ ግን ታዋርዳቸዋለች። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው መሃል ደረቱን ሲያነጣጥሩ በግራ በኩል ያለውን ትከሻ ትመታለች። እሳቸውም መላ ያሉት ወደ ቀኝ ዘወር ብሎ ማነጣጠርን ነው። ይህ ደግሞ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን አይሠራም።

እኔ ብረት ይናፍቃል ብዬ የማምን ሰው አይደለሁም። እናቴ ስትሞት ከስምንተኛ ክፍል ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ የሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣና እጄ የገባ መጽሐፍ ሁሉ ነው። ተምረናል ከሚሉት ብዙዎቹ የማያውቁትን አውቃለሁ። ይህን የምለው ስለማይሰሙኝ አይደለም፤ በፊታቸውም ብያለሁ።

አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ለካምፑ ትእዛዝ መጣ፦ የሽጉጥ ተኩስ ፈተና የወደቀ፣ ጋሞ ጎፋ ወርዶ እስር ቤት ይጠብቅ። ቤታችን ውስጥ ያለነው እኔና አባባ ብቻ ነን። ያን ዕለት ማታ እራታቸውን ሳይጨርሱ፣ «ጣራው የሚያፈሰው ከአልጋዬ በላይ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ሰው አስጠሪ። ያቺ ቀይ ዶሮ ደግሞ ጎረቤት ነው የምትጥለው፣ ተከታተያት» አሉኝ።

ሰውየው ተሰናበቱኝ እኮ! ገና ሳይተኩሱ!

ተነሥቼ የተኩስ ማስተማሪያ መጽሐፋቸውን ከሳጥን አወጣሁ። ሽፋኑ እንኳ አልታጠፈም። ሌሎች ሲያነቡት ይታየኛል፤ እሳቸው ግን የሽጉጧን ቅባት ያስቀመጡበት ነበር። አንብቤ ጨርሼ በማግሥቱ ጠዋት ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ሽጉጧ ጤነኛ ናት። የታመመው ጣትዎ ነው።»

«የኔ ጣት? አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሲተኩስ የኖረ ጣት!»

«ሳልወለድ ጀምሮ ሲስት ኖሯላ። ቃታውን ቀስ ብለው በጣትዎ ብቻ መሳብ ሲገባዎ፣ እጅዎን በሙሉ ጭብጥ ያደርጉታል። ያኔ አፈሙዟ ወደ ግራ ትዞራለች። ናፍቆት የሚባል ነገር የለም።»

«ይህን መጽሐፉ አለ?»

«መጽሐፉ በትሕትና ነው ያለው። እኔ ነኝ በግልጽ ያልኩት።»

ሳቁ። አባባ ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚስቀው፤ ድምፅ የላቸውም።

በየማለዳው ግቢ ውስጥ ልምምድ ጀመርን። ጥይቷን ያራግፋሉ፣ ባዶ መሆኗን እሳቸውም ያያሉ፣ ለኔም ያሳያሉ። ከዚያ እኔ የለስላሳ ቆርኪ ጀርባዋ ላይ አስቀምጣለሁ። ቃታው ሲሳብ ቆርኪው ካልወደቀ እጃቸው አልተነቃነቀም ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ቆርኪው እየወደቀ ዶሮዎቹን ሲያስሮጥ ዋለ።

እትዬ ከበደች በአጥሩ ብቅ አሉ። «ሃምሳ አለቃ፣ ደግሞ ባርኔጣ ገዛህላት?»

«ፀሐይ እንዳይመታት ነው፣ ከበደች።»

አንድ ነገር ብቻ አልታዘዝ አሉኝ። ሁልጊዜ ሲተኩሱ ግራ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ይከቱታል። «መጽሐፉ በሁለት እጅ መደገፍ ይቻላል ይላል፣ ያውጡት» ብዬ ክንዳቸውን ስስብ አንጓቸው ላይ ያለው የድሮ የገመድ ጠባሳ ታየ። ልጅ ሆነው በቅሎ ጎትታቸው ነው ይሉ ነበር።

«እሱን ተይው!» አሉኝ። ቆጣ ያሉብኝ ያኔ ብቻ ነው። ተውኩት።

ፈተናው ሊደርስ ሲል ቆርኪው ከሽጉጧ ጀርባ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ቃታው ቀጭ ይላል፣ ቆርኪው ዝም።

የፈተናው ቀን ከካምፑ ጀርባ ያለው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ወጣን። ከዚያ ላይ ሜዳው ይታያል። አንድ ተኩሶ ሲቆም፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ወታደር ጫፉ ላይ ክብ ጣውላ ባለው ዱላ ጥይቱ ያረፈበትን ያሳያል።

አባባ ለማሟሻ የተሰጧቸውን ጥይቶች ተኮሱ። ዱላው ወጣና በቀኝ በኩል ያለውን የወረቀቱን ሰው ትከሻ ነካ። ደገመ፤ ያው ትከሻ።

«እሰይ!» አሉ እትዬ ከበደች፣ «ግራኙን ረሳችው! ሌላ አገባች!»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ገባኝ። ጣታቸውን አድኛለሁ፤ ወደ ቀኝ የማነጣጠር ልማዳቸውን ግን አላስተውኳቸውም! እቤት ቆርኪ እንጂ ዒላማ መቼ ነበረን? ቀጥሎ ያለው ደግሞ የሚቆጠረው ተኩስ ነው።

ብጮህ አይሰሙም፤ ቢሰሙም እሳቸውን ማስገመት ነው። ቆሜ እጄን ደረቴ ላይ፣ መሃል ላይ፣ አደረግኩ። አባባ ቀና ብለው ዳገቱን አዩ። እጄን አላነሣሁም። እትዬ ከበደች አዩኝና ምንም ሳይጠይቁ እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ሌሎቹም ተራ በተራ። ፈተናውን ለሚመራውና ከሩቅ ለሚያየን ጓድ መቶ አለቃ ቃለ መሐላ የምንፈጽም ሳንመስል አልቀረንም።

አባባ ቆባቸውን ነካ አደረጉ። ዞሩ። መሃል ደረቱን አነጣጠሩ።

አንዷ ጥይት ብቻ ጠርዙ ላይ ቀረች። የቀሩት ገቡ። አለፉ፤ በጭንቅ፣ ግን አለፉ። እትዬ ከበደች እልል ብለው ሲያበቁ ወደኔ ዞሩና፣ «ያ እጅ ደረት ላይ ማድረግስ? ምን ነበር ትርጉሙ?» አሉኝ።

አባባ ኮልፌ ሆነው ጡረታቸውን አገኙ። ሽጉጧን ወልውለው ለንብረት ክፍሉ ያስረከቡ ዕለት ታላቅ እኅታቸው አክስቴ ሰርኬ ሊመርቋቸው ከቡልጋ መጥተው ነበር። ግቢ ተቀምጠን ሳለ ቀይዋ ዶሮ ወደ ጎረቤት ስታመልጥ፣ አባባ ቆሎ ሲበሉበት የነበረውን ቀኝ እጃቸውን ትተው በግራቸው ጠጠር አንሥተው ወረወሩ። ጠጠሩ ዶሮዋ ምንቃር ሥር አረፈ። ተመለሰች።

«አይ ግራኙ!» አሉ አክስቴ ሰርኬ። «አባታችን ግራ እጅህን በበቅሎ ገመድ ከወገብህ ጋር ጠፍሮ ያዋለው ለካ በከንቱ ነው።»

አንጓቸውን አየሁት። ከዚያ ፊታቸውን። ትከሻቸው መሳቅ ጀምሯል።

«አባባ፣ የሽጉጧ የቀድሞ ባለቤትስ?»

«እህ፣ ከበደች ለምን ትስታለህ እያለች ስትነዘንዘኝ ምን ልበላት?» አሉ። «ያቺን ሽጉጥ ከነቅባቷ፣ ከነወረቀቷ፣ ከሳጥኗ መጀመሪያ ያወጣኋት እኔ ነኝ።»