ከአራተኛ ፎቅ የታየ በረዶ

በመላው ካሊፎርኒያ፣ ምናልባትም እስከ አላስካ ድረስ፣ እንደ ዘነበ ያለ የሆኪ አሰልጣኝ አልተፈጠረም። ኦክላንድ ውስጥ ለሠፈሩ ልጆች የበረዶ ሆኪ ቡድን ካቋቋመ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ በረዶውን ግን አንድ ቀን እንኳ ረግጦት አያውቅም። ልጆቹ "ጋሽ ዘነበ፣ ና ውረድ እንጂ!" ባሉት ቁጥር ጉልበቱን ያሻል። ሶቪየት ኅብረት፣ ሚንስክ ሲማር ሰባት ግዙፍ ተከላካዮች ተከምረውበት ነው አሉ። በሳምንቱ ሰባቱ አሥራ አንድ ይሆናሉ።

እናቶቹ ጋቢ ደርበው እየተንቀጠቀጡ ይሰሙታል። የበረኛዋ የሳሌም እናት እጅጋየሁ ብርድ ከማንም በላይ ስለምትፈራ፣ ለልጇ ከሄልሜቱ ሥር ሻሽ ታስርላታለች።

"ሳንባዋን ብርድ ቢመታት አንተን አያድርገኝ!"

"ይሄም ብርድ ሆኖ ነው፣ እጅጋየሁ? ሚንስክ እኮ ሻይ ቀድተሽ ሳትጠጪው ትቆረጥሚው ነበር።"

"ጉልበትህንም ሳትሠራበት ቆርጥመኸው ነዋ!"

ዘነበ የሚያሰለጥነው ከመጨረሻው የላይኛው ወንበር ላይ ቆሞ፣ ፊሽካ እየነፋ ነው። ከዚያ ሆኖ የማያየው የለም፤ በዱላ የምትመታው ጥቁሯ ጎማ ወዴት እንደምትሄድ ከጎማዋ በፊት ያውቃል።

እውነቱ አጭር ነው። ዘነበ ስድስት ክረምት ሆኪን ያየው ከተማሪዎች ማደሪያ አራተኛ ፎቅ መስኮት ነበር። ከሥር፣ ግቢው ውስጥ፣ የሠፈሩ ልጆች ውሃ አፍስሰው ሜዳ ይሠራሉ። አንድ ቀን ደጅ ላይ አንዱ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ዘርግቶ "ና" አለው። ያ ሁሉ ሰው እያየው መውደቁን ፈርቶ "ነገ" አለ። ነገ ስድስት ዓመት ፈጀ። ተጫዋች ወድቆ ሲነሳ ሌሎቹ በዱላቸው በረዶውን ይመቱለት ነበር፤ በድርቡ መስታወት በኩል ግን ድምፁ አይሰማም። ኦክላንድ ውስጥ ልጆቹን መጀመሪያ ያስተማራቸው ይህንኑ ነው። በየቅዳሜው ድምፁን ይሰማዋል፤ ግን ለሌላ ሰው እልል ሲባል ከአጥር ውጭ ቆሞ እንደማዳመጥ ነበር።

በዘጠና ሰባት ጸደይ ቡድኑ ለመጀመሪያ ግጥሚያው ሳን ሆዜ ሄደ። ዘነበ ደረጃውን ወደ ላይ ሲጀምር ዳኛው ጠራው። አሰልጣኝ ከተጫዋቾቹ ወንበር አጠገብ ካልቆመ ጨዋታ የለም። ወንበሩ ደግሞ ማዶ ነው፤ መንገዱም በበረዶው ላይ ብቻ። ልጆቹ ዱላቸውን ተደግፈው ዞረው አዩት። ሦስት ዓመት የጠበቁት ቀን ሠላሳ እርምጃ ርቆ ቆመ።

ሳሌም በከባዱ የበረኛ ልብሷ ወደ በሩ መጣች። "ጋሽ ዘነበ፣ ጉልበትህ ኦኬ ነው?"

አሥራ አንዱን ተከላካዮች ሊጠራ አፉን ከፈተ። አልመጡለትም።

"ጉልበቴ ምንም አልሆነም፣ ሳሌምዬ። በረዶ ላይ ቆሜ ስለማላውቅ ነው።"

"ኔቨር?"

"ኔቨር።"

ትንሽ አሰበች። "ኦኬ። ዱላዬን ያዝ።"

ያዘ፤ እየጎተተች ይዛው ገባች። ከመስኮት ነጭ ሆኖ የኖረው በረዶ ከቅርብ ሲታይ የተጫረና ግራጫ ነው። መሃል ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ የላይኛውን ወንበር ፈለገ። ባዶ ነበር። ወንበሩን ሲያይ እግሩ ከዳውና በጀርባው ተዘረረ።

"ወይኔ፣ ጉልበቱ!" ብላ ጮኸች እጅጋየሁ።

ተንበረከከ፣ የሳሌምን ዱላ ተመርኩዞ ቀስ ብሎ ተነሳ። አንድ ዱላ በረዶውን መታ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የሁለቱም ቡድን ልጆች በአንድነት። ድምፁ እስከ ኮንኮርድ ከተማ ድረስ ተሰምቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሳሌም "እንሂድ" ብላ ጎተተችው።

"ትንሽ ቆዪ፣ ልስማው" አላት።