በገንዳ የተዘፈዘፈ ተልባ

ኬቨን አይሪሽነቱ የሚነሣበት በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ የአይሪሾች በዓል ሲከበር ነው። አረንጓዴ ኮፍያውን ደፍቶ ሴይንት ፖል ከተማ መሃል ሰልፍ ይወጣል፣ ቢራውን ይገለብጣል፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ደህና ሰንብት። እናቱን ሚስስ ኖራን በኤጀንሲ ተቀጥሬ የማጥባቸውና የማበላቸው እኔ ኡሙሃኒ ነኝ።

እሳቸው እዚያው አየርላንድ ገጠር ተወልደው ያደጉ ናቸው። ዘንድሮ ጓሮአቸው ውስጥ ተልባ አስዘሩኝ። የወሎ ልጅ ነኝና ተልባ ሲባል የሚታየኝ ለረመዳን ማፍጠሪያ የሚበጠበጠው ፍሬው ነው። እሳቸው ሆዬ ፍሬው ሳይደርስ፣ ገና ቢጫ ማለት ሲጀምር ከነሥሩ አስነቀሉኝ።

"እኛ የምንፈልገው አገዳውን ነው። ጨርቅ የሚሆነው እሱ ነው" አሉ።

የሚበላውን ጥለው የማይበላውን የሚለብሱ ሰዎች ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ከዚያ በልጆች መዋኛ ገንዳ ዘፍዝፈን ድንጋይ ጫንበት። ቃጫው ከእንጨቱ እንዲላቀቅ መበስበስ አለበት አሉኝ። በሰበሰም። የሞተ አይጥ ከዚያ ሽታ ይሻላል። እሳቸው ግን በመስኮት እያሸተቱ "አባቴ እስከ ወገቡ እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር የሚያወጣው" እያሉ ደስ ይላቸዋል።

ጎረቤት ለኬቨን ደወለለት። የእናቱ ሕመም አንድም ቀን ያላመጣውን ሰውዬ ሽታ ከሚኖርበት ከሜፕልዉድ አመጣው። አፍንጫውን ይዞ ወጥ ቤት ገባና ድስቴን ከፈተ። ምስር ወጥ ነበር።

"ምግብሽ ሰፈሩን በክሎታል። ለኤጀንሲሽ ደውያለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ይልካሉ" አለኝ።

ከሥራ ልባረር ነው፣ ያውም በምስር ወጥ። ደሜ ፈላ።

ሚስስ ኖራ ሰምተው ኖሮ መደገፊያ ዎከራቸውን እየገፉ መጡና ወደ ጓሮ ይዘውት ወጡ።

"እጅጌህን ሰብስብና አውጣው" አሉት ገንዳውን እያሳዩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ተልባ። አያትህ ያሳደገን በዚህ ነው።"

ላግዘው ስጠጋ "አንቺ ተይው" አሉኝ። የመጋቢቱ አይሪሽ እያቅለሸለሸው፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ጥቁር ውሃ ውስጥ እየከተተ፣ እስር እስሩን አውጥቶ ሣሩ ላይ ዘረጋው። ሌላ ሰው ቢያየው ያዝንለት ነበር፤ እኔ አላዘንኩለትም።

ሲጨርስ ወደ ቧንቧው ሮጠ።

"ከመታጠብህ በፊት ለኤጀንሲው ደውል" አሉት እናቱ።

በዚያው እጁ ስልኩን ጉንጩ ላይ ለጠፈ።

"ቅድም ስለ ሽታ ደውዬ ነበር" አለና እናቱን አየ። እናቱ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

"ሽታው የእሷ አይደለም" አለ። "የእኛ ነው።"