ብሪታና የሌላ ሰው እጅ

በመላው የቬርምላንድ አውራጃ እንደ እኔ መኪና የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። አንዴ ሞተር ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ፣ የሚስቴ ሾርባ ሳይበርድ ገጥሜዋለሁ። መኪናዬን ብሪታ እላታለሁ። ቀይ ናት፣ አሮጊት ናት፣ ግን ከእኔ ሌላ የወንድ እጅ ነክቷት አያውቅም። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያልሰማ ካለም እነግረዋለሁ።

ዘንድሮ ግን ዓመታዊው ምርመራ ላይ በፍሬኗ ወደቀች። መርማሪው በሙያዬ ቀንቶ ነው ብዬ ለሚስቴ ለማይከን ነገርኳት።

"ስማ ዬስታ" አለችኝ፤ "አርብ ድጋሚ ትመረመራለች። ይሄኛውንም ከወደቀች ቅዳሜ እሸጣታለሁ። መካኒኩ ኢንግቬ ጋ ውሰዳት።"

"ኢንግቬ! ያ ብሎን አጥባቂ!"

"እሱ ያጠበቀው አይላላም። ያንተን አይተነዋል።"

ሰው ሲናቅ ጉልበት ያገኛል። ጋራዤ ገብቼ ፍሬኑን ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ሁለት ብሎን ተረፈ። ፋብሪካው አብዝቶ ሰጥቷት ነው ብዬ አስነሳኋት፤ ከግቢ ሳንወጣ የፖስታ ሳጥናችንን ደፈጠጥን። ማይከን በመስኮት አየችኝ። ዋጋ የሚተምን የገዢ ዓይን ይዛ ብሪታን ብቻ ተመለከተቻት።

ማንም እንዳያየን በጫካው መንገድ እየተንፏቀቅን ኢንግቬ ጋ ሄድን። ሰውየው ኮፈኗን በመዳፉ ዳበስ አደረገና "እንዴት ነሽ፣ እመቤቴ?" አላት። ቁልፉን ሲያዞር በአንዴ ተነሳች! እኔ ሳስነሳት ተለምና፣ ተሰድባ፣ አስላ ነው። ፊቴ ጋለ።

"ቤትህ ሂድ፣ ስጨርስ እደውልልሃለሁ።"

"ካንተ ጋር ብቻዋን አልተዋትም።"

"እንግዲያው ቡና አፍላ።"

አፈላሁ። እዚህ አገር የጠዋቱ ቡና ሰዓት ሲደርስ ሰማይ ቢናድም መፍቻ ይቀመጣል። ኢንግቬ ጀርባውን ሰጥቶኝ የቀረፋ ዳቦውን ሲገምጥ፣ እኔ ሹልክ ብዬ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። አንዷን ብሎን ብቻ ጠበቅ ላድርጋት፣ የእኔም እጅ ይኑርበት ብዬ።

"ዬስታ" አለ ሳይዞር፤ "ድምፁ ይነግረኛል። እያላላሃት ነው። መልሳት።"

መለስኳት።

አርብ ምርመራው ቦታ ግማሽ መንደር ተሰልፏል። መርማሪው ከብሪታ ሥር ብቅ አለና "ይህን ፍሬን የሠራው ማነው? እንዲህ ያለ እጅ ካየሁ ቆየሁ! አልፋለች" አለ። ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ማይከን ክንዴን ያዘችኝ። እውነቱን ለመናገር አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው፦

"እኔና ረዳቴ!"

"ረዳቱ እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ኢንግቬ፣ የራሱን መኪና ይዞ ተሰልፏል። "ፍሬኑን እኔ ሠራሁ፣ ጌታዬ ቡናውን አፈላ።"

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ።

"ቡናውስ እንዴት ነበር?" አለች ማይከን፣ ሚስቴ፣ የገዛ ሚስቴ!

"ኧረ ተይኝ፣ እስካሁን ሆዴን ይቆርጠኛል።"

ብሪታ አልተሸጠችም። ወደ ቤት ስንመለስ ድምፅዋ ወለላ ሆነ፤ ለእኔ እንዲህ ዘምራ አታውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ በኢንግቬ ጋራዥ በኩል አናልፍም። መሪውን የቱንም ያህል አጥብቄ ብይዘው፣ ራሷ ወደ እሱ እንዳትታጠፍ እፈራለሁ።