ለጊዜው የታሰረ ቧንቧ

ሰፈርተኛው "ኢንጂነር" ይለዋል። የምህንድስና ትምህርት ቤት ግቢ የረገጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የተዘጋ ሽንት ቤት ሊከፍት። ቢሆንም ቧንቧ ሠራተኛ ነውና የእህቱ ሰፈር ውሃ በጠፋ ቁጥር ስሙ ይጠራል፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ደግሞ ደረቱ ይነፋል።

ባለፈው የተጠራው ቦዩን አቋርጦ የሚያልፈው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ቦዩ የሽንት ቤቱንም የእጣቢውንም ፍሳሽ ተሸክሞ የሚሄድ ነው። መለወጫ ዕቃ አልያዘም፤ የቧንቧ ዕቃ መሸጫው ሩቅ ነው፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ትልቅ ሥራ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ቀዶ ጠመጠመበትና በሽቦ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። "ለጊዜው ነው፣ ሰኞ እመለሳለሁ" አለ፤ ለራሱ። ውሃው ሲመጣ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እህቱም "እጅህ ይባረክ" አለችው። ሰኞ መጣ፣ ሄደ። ሌላም ሰኞ መጣ። ኢንጂነሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ዛሬ የተጠራው ግን ለቧንቧ አይደለም። የእህቱ ልጅ ሚጣ ታማለች።

ሲገባ ልጅቷ ፍራሹ ላይ ዝርግት ብላለች። ሌላ ጊዜ "አጎቴ!" እያለች ኪሱን የምትበረብረው ልጅ ዛሬ ፊቷን እንኳ ወደ እሱ አላዞረችም። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ጥጉ ላይ ባልዲ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የቆሸሸ ጨርቅ ተከምሯል።

"ከትናንት ጀምሮ ከላይም ከታችም ነው" አለች እህቱ። "ከጤና ጣቢያ አሁን መመለሳችን ነው። ነርሷ 'ሰሞኑን ከእናንተ ሰፈር የሚመጣ ልጅ በዛብን፣ ምን ነካችሁ?' አለችኝ። የጎረቤታችን ልጅማ እዚያው ተኝቷል፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት።"

ኢንጂነሩ ውሃ ሲቋረጥ ባዶው ቧንቧ በስንጥቁ በኩል የቦዩን ፍሳሽ ወደ ውስጥ እንደሚስብ ያውቃል። ሥራ ሲለምድ አሠሪው መጀመሪያ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ጎማና ሽቦ ይህን አያግድም። በዚህ ሰፈር ደግሞ ውሃ የማይቋረጥበት ቀን የለም።

እህቱ ደጅ ካለው ቧንቧ በጆግ ውሃ ሞልታ ገባችና ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የኦአርኤስ ዱቄት ከረጢት በጥርሷ ቀደደች።

"አፈላሽው?" አላት።

"ምኑን?"

"ውሃውን።"

"ነርሷም አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ በጥብጪው ብላኝ ነበር።" ደክሟት ሳቀች። "የሚፈላው የወንዝ ውሃ ነው። አንተ በእጅህ የሠራኸው ቧንቧ የሚያወርደውን ውሃ ደግሞ ማፍላት ልጀምር?"

ኢንጂነሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እዚያው ቆሞ ራሱን ጠላ።

ጆጉን በክርኑ ገፍቶ መድፋት ይችል ነበር። "ውይ፣ ሳላየው ነው" ብሎ ከሱቅ የታሸገ ውሃ ማምጣት፤ ሚጣም ትተርፋለች፣ የእሱም ጉድ ተሸፍኖ ይቀራል። ክርኑን አንቀሳቅሶም ነበር። ግን የጎረቤቱ ልጅስ? ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቤትስ? እህቱ በጥብጣ ጨርሳ ማንኪያውን ወደ ሚጣ አፍ ስታስጠጋ እጇን ያዛት።

"አትስጫት። ቧንቧው አልተሠራም። ጎማ ጠምጥሜበት ነው የሄድኩት። የቦዩ ፍሳሽ እየገባበት ነው። ልጆቹን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ።"

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። ብትመታው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ጆጉን ደጅ ወስዳ ደፋችና ተመልሳ ፊቱን ሳታይ ተናገረች።

"ቶሎ የታሸገ ውሃ አምጣልኝ። ሌላ ከረጢት አለኝ። ከዚያ ለእኔ ያልከውን በየቤቱ እየዞርክ ትናገራለህ። ሳትጨርስ እዚህ ቤት እንዳትመጣ።"

ሮጦ ሄዶ አመጣ። ሚጣ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ስትውጥ በር ላይ ቆሞ አየ፤ ከዚያም ወጣ።

መጀመሪያ ያንኳኳው የጎረቤትን በር ነው። የታመመው ልጅ እናት ጤና ጣቢያ ስለሆነች አያቱ ከፈቱለት።

"ኢንጂነር! ግባ ልጄ። ምነው ፊትህ እንዲህ ጠወለገ?" መልስ ሳይጠብቁ ጓዳ ገቡና ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዘው መጡ። "በል ጠጣ። ያንተው ውሃ ነው፣ እጅህ ይባረክ።"

ብርጭቆውን ተቀበለ። ክዳ ክዳ አለው፤ ግን ሳይቀምሰው መሬት ላይ አስቀመጠው።

"እማማ፣ ይህን ውሃ እርስዎም እንዳይጠጡት።"

"ለምን? አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?"

"እኔ ስለሠራሁት ነው፣ እማማ።"