ውሃ፣ ዘይት፣ ፍሬን፣ ጎማ

አባትየው ሠላሳ አንድ ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ የገዛት ትንሽ ነጭ መኪና፣ እሱ ሲሞት ከነደብተሯ ለሁለቱ ልጆቹ ተረፈች። ደብተሩ በበሩ ኪስ ውስጥ እርሳስ በክር ታስሮበት ይቀመጥ ነበር። ሰውየው በሕይወት ሳለ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ በጨርቅ ጠርጎ፣ ጎማዎቹን አጎንብሶ አንድ በአንድ ዳብሶ ሲያበቃ በአራት ዓምድ ይጽፋል፦ ውሃ፣ ዘይት፣ ፍሬን፣ ጎማ። ከሥሩም ይፈርማል። ልጆቹ ብዙውን የአባታቸውን ልማድ ሲተዉ ይህን አልተዉም። መኪናዋን የሚይዝ ሰው ሞተር ከማስነሳቱ በፊት በአራቱም ዓምድ ምልክት አድርጎ ይፈርማል። ኮፈን የሚከፍት ግን አልነበረም። እንዴት እንደቀረ አንዳቸውም አያስታውሱም። ፊርማው የሟቹ መታሰቢያ እየሆነ ሄደና ሥራው ከፊርማው ተነጥሎ በዝምታ ወደቀ።

ታላቅየው የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከሰው ጽሑፍ ላይ ግድፈት ሲለቅም የኖረ፣ ያለ እሱ ፊርማ አንድም ገጽ ወደ ማተሚያው መኪና የማይወርድ ሰው። ታናሽ እህቱ መምህርት ናት፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ መኪናዋ የእሷ ናት፣ በቀሩት ቀናት የእሱ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። እህቱ መኪናዋን ጋራዥ ወስዶ በማሽን እንዲያስመረምራት ነገረችው። እሱ ዳሽቦርዱን በጡጫ ቢመታው መብራቱ ለአፍታ ጠፋ፤ ስለዚህ የተበላሸው መብራቱ ራሱ ነው ብሎ ደመደመ። መልሶ ሲበራ ከደረት ኪሱ የጽሑፍ ስህተት የሚሸፍንበትን ነጭ ቴፕ አውጥቶ ለጠፈበት። ቢጫው ከነጩ ሥር ደብዘዝ ብሎ መታየቱን አልተወም። ደረበበት።

በዚያው ሳምንት እናታቸው ከኋላ ወንበር ሆና የተቃጠለ ስኳር እንደሚሸታት ተናገረች። ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የግራዋም በዓይን ግፊት ምክንያት ዕይታው ከዳር እየጠበበ፣ ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቃ የምታይ አድርጓታል። ልጆቿ የዓይኗን ሥራ አፍንጫዋ ተረክቦ ትርፍ ሰዓት እየሠራ ነው ብለው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ስለ ስኳሩ አነሳች፤ በሦስተኛው ተወችው።

የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ የመጣው ስምንት ወር ተጠብቆ ነው። ሐኪሙ በግልጽ ነግሯቸዋል፦ የጠፋው አይመለስም፤ ቀዶው የሚደረገው የቀረውን ለማቆየት ነው። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ያረፈደ ተራውን ያጣል።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አራሚው ደብተሩን አወጣ። ከላይ የሰኞ የእህቱ ፊርማ አለ። አራት ምልክት አድርጎ ከሥሯ ፈረመ፤ ፊርማው እንደ ወትሮው ያማረ ነበር። እናቱ የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ፣ የሐኪም ቤቱን ካርድ በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

ወደ ሐኪም ቤቱ በሚወስደው ዳገት አጋማሽ ላይ «ስኳሩ ዛሬስ በረታ» አለች።

«ልንደርስ ነው እማዬ» አላት።

የሙቀት መለኪያው ቀስት ዝቅ ብሎ ተኝቷል። እሱን እያየ ልቡን አሳረፈ። ከዚያ ሞተሩ ብረት በብረት ላይ የሚፋጭ ድምፅ አሰማ፣ ነጭ እንፋሎት መስታወቱን ጋረደው፣ መኪናዋም ቆመች። ወርዶ ኮፈኑን ለመክፈት ቢሞክር ማንሻው የት እንዳለ አጣው። ትንሽ ትቀዝቅዝ ብሎ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቀ። ሁለተኛ ስሕተቱ ይህ ነበር፤ ወዲያው ታክሲ ቢፈልግ ይደርሱ ነበር። እናቱ በየመሃሉ ሰዓቱን ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይነግራታል፣ እሷም «እሺ» ትላለች።

በታክሲ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። በእናቱ አልጋ ላይ ሌላ ሴትዮ ገብታለች። የመዝገብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አገላብጣ ከሰባት ወር በኋላ ያለ ቀን ሰጠቻቸው። እስከዚያ ግፊቱን የሚይዝ ጠብታ ታዘዘላት፤ ነርሷም ጠዋትና ማታ በጨመሩ ቁጥር ምልክት የሚያደርጉበት አንድ ወረቀት ጨመረችላቸው። አራሚው የነርሷን ጥፍሮች ሲያይ ቆየ። ምንም አልተሰማውም። የሚሰማው ነገር ገና በመንገድ ላይ ያለ፣ እሱም እንደ እነሱ ያረፈደ መሰለው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከእህቱ ጋር መኪናዋ ተጎትታ ወደገባችበት ጋራዥ ሄዱ። መካኒኩን ሰፈሩ «ፕሮፌሰሩ» ይለዋል፤ መነጽሩን በግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲያወራ ማስተማር ስለሚወድ ነው። የራዲያተሩ ቱቦ ተሰንጥቆ ውሃውን ለሳምንታት ሲያንጠባጥብ እንደነበረ፣ እናታቸውን የሸተታትም ውሃው ላይ የሚጨመረው፣ ሲተን ስኳር ስኳር የሚሸት አረንጓዴ ፈሳሽ እንደሆነ፣ ሞተሩም ተቃጥሎ ማለቁን አስረዳቸው። ቀስቱ ለምን ዝቅ እንዳለ አራሚው ጠየቀ።

«ውሃ ከሌለ ምኑን ይለካ?» አለ ፕሮፌሰሩ። ነጩን ቴፕ በጥፍሩ ልጦ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። «ይህ መብራት ተናግሮ ነበር። ማሽኑን ብሰካበት አሥር ደቂቃ፣ ቱቦ መቀየር ግማሽ ሰዓት። እናንተ ግን ነፍሷ ከወጣ በኋላ ታመጡልኛላችሁ፤ እኔ መካኒክ ነኝ እንጂ ገናዥ አይደለሁም።»

ደብተሩን አነሳና ገለጠው። የአባትየው የመጨረሻ ገጾች ላይ ቆም አለ። አንዱ ቀን «ውሃ ጣት ታህል ጎድሏል። የት ሄደ? ነገ ይታይ» ይላል። የማግስቱ «ማሰሪያው ላልቶ ነው። ጠብቋል» ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ምልክትና ፊርማ፣ ምልክትና ፊርማ ነው። ፕሮፌሰሩ ገጾቹን አንድ በአንድ እስከ ማክሰኞ ገለጠ።

«ዓመት ከሁለት ወር» አለ፤ «አንድ ቀን አልዘለላችሁም። እንዲህ በትጋት ያልታየ መኪና አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ለቀልዱ የሚስቅለት ሲያጣ መነጽሩን አወረደ።

እህቱ መሬት መሬት እያየች፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መኪናዋን በምታቆምበት ቦታ አረንጓዴ ውሃ ስታይ መሰንበቷን ተናገረች። ከጎረቤት መኪና የፈሰሰ መስሏት ቦታ ቀይራለች። አዲሱ ቦታም ሲረጥብ ግራ ገብቷት ደብተሩን አይታለች።

«የአንተን ፊርማ ሳይ አመንኩ፣ ጋሼ» አለችው።

እሱም የእሷን ሲያይ አምኖ ነበር። ደብተሩን በብብቱ ይዞ በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለሰ።

እናቱ በመስኮቱ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ ተቀምጣ ነበር። ፀሐይ ልትገባ ስትል የግራ እጇን ከዳር ወደ አፍንጫዋ ቀስ እያለች ታመጣና፣ ጣቶቿ መታየት የሚጀምሩበት ቦታ ላይ ታቆማለች። ከትናንት ጀምሮ ይህን ስታደርግ ሁለት ጊዜ አይቷታል። ምን እንደምትለካ አልጠየቃትም።

«ምን አላችሁ ሰውየው?» አለችው።

ቱቦ እንደነበረ ነገራት። ስለ ሽታው ትክክል እንደነበረች ነገራት።

«እኔማ ስኳር መስሎኝ ነው» አለች፤ ወቀሳ አልነበረበትም።

የማታው ጠብታ ሰዓት ደርሷል። አራሚው ጠርሙሱን ከጠረጴዛው አንስቶ ክዳኑን ፈታ። የነርሷን ወረቀት ስቦ በረቡዕ ማታ ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገ፣ ከሥሩም ፈረመ። ጠርሙሱን ከድኖ ወረቀቱን አጠፈና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ሊወጣ በሩ ጋ ደረሰ።

እናቱ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ የግራ ዓይኗን በሁለት ጣቷ ፈልቅቃ እንደያዘች ነበረች።

«የት ሄድክ ልጄ?» አለች። «ገና አልጨመርክልኝም።»